ማድ ቤታችንን የሚነድፈው ተማሪ ከማን ይማር?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ በአጀንዳችን አራተኛ ተራ ስላለው ጉዳይ ነው። እንደሰማችሁት አንድ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል ተማሪዎቹን ወደ ሰፈራችን ልኮ ቤቶቻችንን እንዲለኩ፣ አኗኗራችንን እንዲያዩና ለዚህ ሰፈር የሚሆን አዲስ የመኖሪያ ንድፍ እንዲሠሩ ፈቃዳችንን ጠይቋል። አንዳንዶቻችሁ «ይምጡ፣ ልጆቻችን ናቸው» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ስንቱ መጥቶ ለክቶ ሄደ፤ እኛ ምን አገኘን?» ብላችኋል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ብዙ ዓመት በድራፍቲንግ ሥራ ላይ ስለቆየሁና አሁንም ተማሪዎችን ስለማለማምድ የማውቀውን ላካፍላችሁ፤ በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለውሳኔ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ፣ እነዚህ ልጆች የሚማሩት ምንድን ነው? ሰው የሚኖርበትን ቦታ ሁሉ መንደፍ ነው። ቤቱን፣ ደጁን፣ ደረጃውን፣ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ የዝናብ ውኃው የሚወርድበትን ቦይ ሳይቀር። አሁን በወረቀት ላይ የሚያሰምሩት መስመር ነገ ግድግዳ ይሆናል። ግድግዳ ከቆመ በኋላ ደግሞ ማፍረሱ ከባድ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ውስጥ ማን ይማራል፣ ከማንስ ይማራል የሚለው ጥያቄ የምሁራን ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን ኮንዶሚኒየም ላንሳ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከዕጣው 30 በመቶ የሚሆነው ለሴቶች እንዲመደብ ተደርጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በራሷ ስም ቤት ይኖረኛል ብላ አስባ የማታውቅ ስንት እናት ቁልፍ ተቀብላለች። ነገር ግን ኮታው ቁልፉን ሲሰጠን ንድፉ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሞቅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ከጎኑ የቡሆው ዕቃ አለ፣ ሰፌዱ አለ፣ የሚወጣው እንጀራ የሚቀዘቅዝበት ቦታ አለ፣ እንፋሎቱም መውጫ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ለማስገባት የሞከረች ሴት ችግሩ የት እንዳለ ለማስረዳት ዲግሪ አያስፈልጋትም።

ነዳፊዎቹ ጭራሽ አላሰቡበትም ማለቴ አይደለም። በየሳይቱ ለምግብ ማብሰያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእርድ የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ሕንፃዎች እንዲኖሩ ታስቦ ተሠርቷል። ይህ የባህላችንን ነገር ያሰበ ሰው ሥራ ነው። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ሴት ቡሆዋን ተሸክማ፣ ሕፃኗን ብቻውን ትታ ትወርዳለች ወይ? በር ላይ ተቀምጣ እንጀራና በርበሬ ትሸጥ የነበረችውስ ደንበኞቿ ፎቅ ወጥተው ይገዟታል? በርበሬውስ የት ይሰጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ከቤቱ መሠራት በኋላ ሲመጡ ስሞታ ይባላሉ። ከመሠራቱ በፊት ቢመጡ ኖሮ ትምህርት ይሆኑ ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። ቤት መሥራት ከጥንት የወንድ ሙያ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አፋር ሄዶ ይይ። «አሪ» የሚባለውን የአፋር ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ሰሌኑን ትሠራለች፣ ቅስቱን ታቆማለች፣ ጎሳው ሲነሣ ነቅላ ግመል ላይ ትጭናለች፣ በሌላ ቦታ ደግሞ መልሳ ትተክላለች። የሶማሌ አርብቶ አደሮች «አቃል»ም እንዲሁ የሴት እጅ ሥራ ነው። በደጋው አገርም ምርጊቱ ሲደርቅ ግድግዳውን የሚለቀልቁት ሴቶች ናቸው። ዛሬ በከተማችን ግንባታ ላይ ባሬላ ይዘው አሸዋና ኮንክሪት የሚያመላልሱትን የቀን ሠራተኞች ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው።

ታዲያ ሙያው ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ምን ሆነ? በአገራችን የሕንፃ ትምህርት በዘመናዊ መልክ የተደራጀው እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው፤ ዛሬ ልደታ አጠገብ «ሕንፃ ኮሌጅ» እያልን የምንጠራው ነው። ትምህርቱ ለአገር ጠቅሟል፤ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። ግን የትም አገር እንደሆነው ሁሉ ሙያው በወረቀት፣ በሒሳብና በፈተና ሲለካ፣ አሪ የምትሠራዋ ሴት እውቀት «ባህል» ተባለ እንጂ «ንድፍ» አልተባለም።

ስለ ፍትሐዊነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሴቶች ልጆቻችን እንዲገቡ ነው። ትክክል ነው፤ ብዝኃነት ከዚያ ይጀምራል። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ለሴቶች የተሰጠው የነጥብ ድጋፍም በር ከፍቷል። ነገር ግን ከበሩ በኋላ ያለውን እኔ በቅርብ አየዋለሁ። የንድፍ ትምህርት ዋናው ክፍል ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ ማለት ሥራው እስኪያልቅ የሚመሽበት ቦታ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ወጥታ ሁለት ታክሲ የምትቀያይር ልጅና ግቢ አጠገብ ተከራይቶ የሚኖር ልጅ እኩል ሰዓት አላቸው ማለት አይቻልም። የሥዕል ሶፍትዌሩን የሚችል ላፕቶፕ ውድ ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ ማሳተሚያ፣ ለሞዴል የሚሆን ካርቶንና ማጣበቂያ በየጊዜው ገንዘብ ይጠይቃል። አንድ ዓይነት ሥራ ለሁሉም መስጠት እኩልነት ይመስላል፤ ፍትሕ የሚሆነው ግን ማን ምን ጎድሎት እንደመጣ ሲታይ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ የመግቢያ ውጤቱ ምን ይረባዋል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። ሕጉን ወደ ግድግዳና ወደ መወጣጫ የሚቀይሩት ግን እነዚሁ ዛሬ የሚማሩት ልጆች ናቸው።

እናቶቼ፣ አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። ሴት ልጅ ገብታ መማሯ ብቻውን አይበቃም። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት ነበረች፤ በአገሯ አርክቴክቸር ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1926 ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤት የሚሆን ኩሽና ነደፈች፤ ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተሠራ። ዛሬ በየፎቁ የምናየው የተገጠመ ቁም ሣጥን ያለው ኩሽና ከዚያ ብዙ ወርሷል። ይህች ሴት ራሷ እንደተናገረችው ያን ኩሽና ከመንደፏ በፊት ቤት አስተዳድራም ሆነ ምግብ አብስላ አታውቅም ነበር። ያወቀችው የሥራውን እርምጃ በመለካት፣ የባቡር ምግብ ቤት ኩሽናን በማጥናት ነው። ሥራዋ የሴቶችን ድካም ቀንሷል። ነገር ግን ኩሽናው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ጠባብ ነበር፤ ልጅም፣ ባልም፣ ጎረቤትም ገብቶ አያግዝበትም። በኋላ ዘመን ብዙ ሴቶች በዚህ ወቅሰውታል። እንግዲህ ነዳፊዋ ሴት ብትሆንም የምትነድፍላቸውን ካልጠየቀች የሚጎድል ነገር አለ።

መጠየቅ ሲባልም ዓይነት አለው። በአሜሪካ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 የአካባቢ ንድፍ ኮሌጅ ተቋቋመ፤ አርክቴክቸርን፣ የከተማ ፕላንንና የመልክዓ ምድር ንድፍን በአንድ ቤት የሰበሰበ ነው። በ1962 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤድ ሮበርትስ የሚባል በፖሊዮ ምክንያት እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል ወጣት ገባ። የሚተነፍስበት የብረት መሣሪያ እጅግ ከባድ ስለነበር ማደሪያ ክፍሎቹ አልቻሉትም፤ በግቢው ሆስፒታል ውስጥ እንዲኖር ተደረገ። እሱና ጓደኞቹ ተደራጅተው ታገሉ፤ የከተማዋ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለዊልቸር እንዲመች እንዲስተካከል አደረጉ። ዛሬ በዚያ መወጣጫ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናትም ትጠቀማለች።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። በኮሌጁ የሚያስተምሩት ሬይመንድ ሊፍቼዝ የሚባሉ መምህር አካል ጉዳተኞችን ወደ ስቱዲዮው ጋበዙ። የጋበዟቸው እንዲጠኑ ብቻ አልነበረም። ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ንድፉን እንዲያዩ፣ «በዚህ በር አልገባም፣ ይህ መታጠቢያ ቤት አያዞረኝም» እያሉ እንዲያስተምሩ ነው። የሥራው ውጤት በ1987 በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያ ክፍል ውስጥ አስተማሪው ማን እንደሆነ አስቡት። በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።

የእኔም ሐሳብ ይኸው ነው። ተማሪዎቹ ይምጡ፤ እኛ ግን እንደ አስተማሪ እንቀበላቸው። ለዚህም ለትምህርት ክፍሉ አራት ነገር እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት አንድ ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጠው ምን እንደሚያጠኑ አብረን እንወስን። እነሱ የፎቅ ብዛት ቢያስጨንቃቸው፣ እኛን ደግሞ የለቅሶ ድንኳን የት ይተከላል የሚለው ያስጨንቀናል።

ሁለተኛ፣ በሚሥሉት ላይ የማንም ስምና የቤት ቁጥር አይጻፍ። ለምን እንደምል ታውቃላችሁ። ብዙዎቻችን የቀበሌ ቤት ውስጥ ነን፤ ማድ ቤታችን ቅጥያ ነው፣ እንጀራ የምንጋግርበትም እሱ ነው። ለትምህርት የተለካ ቤት ነገ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ማስረጃ ሆኖ መገኘት የለበትም። ፎቶም ያለ ፈቃድ አይነሣ።

ሦስተኛ፣ ከግማሽ ቀን በላይ ለምታስጎበኝና ለምታስረዳ አባል የውሎ አበል ይታሰብላት። ለመምህር ደመወዝ ከተከፈለ፣ የዕለት ገበያዋን ትታ ለምታስተምር ሴትም ሊከፈል ይገባል።

አራተኛ፣ የመጨረሻው ግምገማ በዚህ አዳራሽ፣ በአማርኛ ይደረግ፤ ከእኛም ሁለት ሴቶች ከመምህራኑ ጋር ገምጋሚ ሆነው ይቀመጡ። የንድፉ ቅጂም በቢሮአችን ይቅር።

በእኛ በኩል ደግሞ ሁለት ግዴታ አለብን። አንዱ፣ እኛን የሚመስሉትን ብቻ አናሳያቸው። ጥገኛ ተከራይዋን፣ ማየት የተሳናትን አባላችንን፣ ስግደቷን የምትሰግድበት ንጹሕ ቦታ የምትፈልገውን ሙስሊም ጎረቤታችንን ያግኙ። የቤት ሠራተኞቻችንንም ያናግሩ። በብዙ ቤት ልጅቷ የምትተኛው ማድ ቤት ውስጥ፣ ከምጣዱና ከከሰሉ አጠገብ ነው። ስለ ፍትሕ እየተናገርን ይህን መጋረጃ ብንዘጋው ተማሪዎቹ ግማሽ እውነት ይዘው ይሄዳሉ፤ ነገም የሚሠሩት ቤት ለእሷ መኝታ አይኖረውም።

ሁለተኛው፣ ከቁጠባ ሣጥናችን በንድፍና በምሕንድስና ለሚማሩ የአባላት ሴት ልጆች ለላፕቶፕና ለማሳተሚያ የሚሆን ያለ ወለድ ብድር እንጀምር። መጠኑን ሒሳብ ሹሟ አስልታ ታቅርብልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ።

«እኛ ማን ነንና ዩኒቨርሲቲን እናዝዛለን?» የምትል እህት ትኖር ይሆናል። ትእዛዝ አይደለም፤ ልጆቻቸውን እንዲያስተምሩላቸው ለተጠየቁ ሰዎች የሚገባ ንግግር ነው። ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። እነሱ ደብዳቤ ጽፈው ጠይቀውናል፤ እኛም መልሳችንን በደብዳቤ፣ በማኅተማችን እንስጥ። ከተስማማችሁበት ጸሐፊዋ ዛሬውኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ታስፍርልኝ፤ ለግምገማው የሚቀመጡትን ሁለት ሴቶችም ከመበተናችን በፊት እንምረጥ። አንደኛዋ እንጀራ ጋግራ የምትተዳደር አባል እንድትሆን ከአሁኑ ድምፄን እሰጣለሁ።

 ፈጣሪ ማኅበራችንን ያጽናልን።