የሸክላው ልደትና የራያ ቆቦ ዘፈን

(ከቆቦና ከራያ ቆላ በመጣን ተማሪዎች ለማኅበሩ የውይይት ምሽት የተሰናዳ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የሸክላ አሳታሚ ልደት ነው። የሰው ልደት ሲከበር ዕድሜው ይቆጠራል። የሸክላ አሳታሚ ልደት ሲከበር ግን የሚቆጠረው ምንድን ነው? ያወጣው የሸክላ ብዛት ነውን? ያስተዋወቃቸው ዘፋኞች ናቸውን? ወይስ ሳይቀረጽ የቀረውም አብሮ ሊቆጠር ይገባዋል? እኛ ከቆቦ ከተማ፣ ከጎብዬ፣ ከሮቢትና ከዞብል ተራራ ግርጌ የመጣን ተማሪዎች ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ይዘን በፊታችሁ ቆመናል። የሸክላ ነገር በውጭ መዛግብት የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ዓ.ም. ብለን ካልለየነው በቀር ዘመኑን በዚያው እንጠራለን።

በመጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ።

የኢትዮጵያዊ ዘፈን በሸክላ ላይ መቀረጽ የጀመረው በ1908 ነው። ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን ሀገር ተልከው ሳሉ በዚያው ድምፃቸውን አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ ረዥም ዘመን አለፈ። በ1935 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 በወጣው ድንጋጌም ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። መብቱ በወረቀት ላይ ቢኖርም፣ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች በየምሽቱ የሚጫወቱትን አዲስ ዜማ በሸክላ የሚያወጣ አልተገኘም። የክቡር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍሎች ያፈሯቸው ዘፋኞች በሬዲዮ ይሰማሉ እንጂ ሰው ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሸክላ ብዙ አልነበራቸውም።

በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ዕድሜው ገና ሠላሳ ያልሞላ የሙዚቃ ነጋዴ ፈቃድ ሳይጠብቅ ማሳተም ጀመረ። ድርጅቱንም በስሙ አምሃ ሪከርድስ አለው። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። በሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ድምፁ እዚህ በቴፕ እየተቀዳ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ኋላም ወደ ቤይሩት እየተላከ ይታተም ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች ወጡ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄ በዚህ ቤት በኩል ያለፉ ናቸው። በ1975 አምሃ ወደ አሜሪካ ሲሄድ የማሳተሙ ሥራ ቆመ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እነዚያን ሸክላዎች በፓሪስ እንደገና ያወጣ ጀመር፤ ተከታታዩም በ2017 ቅጽ 30 ደረሰ። የተሰማ እሸቴ ድምፅ እንኳ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ተብሎ በቅጽ 27 ተመልሶ ወጣ።

በ2019 አምሃ ሪከርድስ ከተጀመረ 50 ዓመት ሞላ። በ2029 ደግሞ 60 ይሆነዋል። አንድ ወጣት ክልከላ ሳይበግረው ሠርቶ ያቆየው ነገር ይህን ያህል ዘመን መሻገሩ የሚያስመሰግን ነው፤ እኛም እናመሰግናለን።

አሁን ወደ ራሳችን ሀገር እንመለስ። የኢትዮፒክስ የመጀመሪያው ቅጽ ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ «ወርቃማ ዓመታት» ይለዋል። ለአዲስ አበባ ሙዚቃ ወርቃማ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን በእነዚያው ዓመታት ራያና ቆቦ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አንድ አውራጃ ነበር፤ በ1973 በወሎ ረሃብ እጅግ ከተጎዱት አውራጃዎችም አንዱ እርሱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቆቦን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። ሸክላ የጫነውም መኪና፣ እህል የጫነውም መኪና በዚያው ጎዳና ያልፍ ነበር፤ የተራበው ሕዝብም የሚወጣው ወደዚያው ጎዳና ነበር። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ፎቶግራፉም በግቢው ውስጥ ለተማሪው ታየ። የዛሬው ተማሪ ይህን ማስታወስ ይገባዋል፤ መንግሥት ሊሸፍነው የፈለገውን ነገር ያሳየው አንድ ካሜራና ወደ ስፍራው የሄዱ ጥቂት ሰዎች ናቸውና።

ይህን የምናነሣው ሸክላ አሳታሚውን ለመውቀስ አይደለም። ረሃቡን ያመጣው ሸክላ አይደለም። የምንለው ይህ ነው፤ አንድ ዘመን ወርቃማ ነው ወይም አይደለም የሚባለው በተቀረጸው ነገር ነው፤ ያልተቀረጸው ወገን ግን ወርቁም ረሃቡም በሌሎች አፍ ይነገርለታል። ያን ጊዜ የራያ እናቶች ምን ብለው አለቀሱ? ምን ብለው ዘፈኑ? ፎቶግራፉ ፊታቸውን አስቀርቷል፤ ድምፃቸውን ግን ያስቀረ ሸክላ የለም።

ወሎ በሸክላው ውስጥ የለም ማለታችንም አይደለም። እንዲያውም ሞልቷል። የሙዚቃ መምህራን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ብለው አራቱን ቅኝት ሲያስተምሩ፣ ባቲ የወሎ ከተማ፣ አምባሰል የወሎ ተራራ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአዲስ አበባው ሳክስፎንና ፒያኖ በእነዚህ ቅኝቶች ተጫውቷል። ቅኝቱ ተጉዞ ሸክላ ላይ ወጣ፤ ባለቤቶቹ ግን ከሰፈራቸው አልተንቀሳቀሱም። የቆቦ ዘፈን በተለይ ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ስናስብ ሦስት ምክንያቶች አግኝተናል።

አንደኛው የሸክላው ጠባይ ነው። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጹ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። የራያ ጨዋታ በዚህ ልክ አይሰፈርም። በሠርግ ቀን ከበሮው ከተመታ፣ ወንዱ ዱላውን ይዞ ከገባ፣ አቀንቃኙ እየሰጠ ሌላው እየተቀበለ ጨዋታው እስኪሞቅ ድረስ ብቻ አራት ደቂቃው ያልቃል። የእግሩ ምት፣ የጭብጨባውና የዱላው ነገር ከዘፈኑ ተነጥሎ የሚቆም አይደለም። በጠባብ ክፍል አንድ ማይክሮፎን ፊት አንድ ሰው ቢያቆሙት የሚቀረው ዘፈኑ ሳይሆን የዘፈኑ ጥላ ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። ሸክላ ሲሸጥ በቋንቋ ይደረደራል። ኢትዮፒክስም ቢሆን ቅጽ 5ን ለትግርኛ፣ ቅጽ 12ን ለኮንሶ፣ ቅጽ 28ን ለኦሮሞ ሙዚቃ ሰጥቷል፤ ይህም መልካም ነው። የራያ ሰው ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከአማርኛው ወደ ትግርኛው፣ ከትግርኛው ወደ ኦሮምኛው ሲሻገር ድንበር አይታየውም። እንዲህ ያለው ዘፈን በየትኛው መደርደሪያ ይቀመጥ? መደርደሪያ ያጣ ነገር ደግሞ ገዢም አሳታሚም ያጣል። ለእኛ ግን ጌጡ ይኸው መቀላቀሉ ነው። በቋንቋ ምክንያት ሰው ከሰው በሚለያይበት ጊዜ ሦስት ቋንቋ ያስማማ ዘፈን ሳይቀረጽ መጥፋቱ ከሙዚቃ ጉዳት ይበልጣል።

ሦስተኛው የገንዘብና የመንገድ ነገር ነው። ቀረጻው አዲስ አበባ፣ ማተሚያው ባሕር ማዶ፣ ገዢውም አብዛኛው የከተማ ሰው ነበር። ነጋዴ ሸክላውን የሚያሳትመው ወጪውን እንደሚመልስለት አስቦ ነው። ስለዚህ ማሽላ አጭዶ አውድማ ላይ የሚዘፍነውን የቆቦ ገበሬ ማንም ፈልጎት አልወረደም። ኋላ ካሴት መጥቶ ሥራው ሲረክስ የራያ ምት ወደ ከተማ ገባ፤ በካሴት፣ በሲዲ፣ ከዚያም በቪዲዮ ብዙ ዘፋኞች በራያ ስልት ዘፈኑ። ሆኖም በእነዚህ ላይ ግጥሙና ዜማው «የሕዝብ» ተብሎ ሲጻፍ አያሌ ጊዜ አይተናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ «የሕዝብ» የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንመርምረው። በአምሃ ሸክላ መሐል ላይ የተለጠፈችው ክብ ወረቀት ትንሽ ናት፤ ዳሩ ግን የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርእስና የሸክላውን ቁጥር ትይዛለች። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኩን ለመልቀም የተመረኮዘው በእንደነዚህ ያሉ ምልክቶች ነው። ሃምሳኛ ዓመት ለመቁጠር የተቻለውም የመጀመሪያው ሸክላ ዘመን ስለታወቀ ነው። የራያ ዘፈን ልደት የማይከበረው ልደት ስለሌለው ሳይሆን ወረቀት ስላልተለጠፈበት ነው። በነሐሴ 16 የሚጀምረውን የልጃገረዶች በዓል ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ ይለዋል፤ በእኛ በራያ ቆቦ ሶለል ነው። በዚያ በዓል ግጥም የምታወጣው ልጅ በመንደሯ ትታወቃለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከማን እንደተማረች ሁሉ ይነገራል። ግጥሙ ከመንደር ሲወጣ ግን ስሟ ወደ ኋላ ይቀራል። ሕዝብ በጅምላ ግጥም አይገጥምም፤ አንድ ሰው ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል።

ነገሩ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑን የ2013 ዓ.ም. አሳይቶናል። በዚያ ዓመት በሚያዝያ 22 ቀን አምሃ እሸቴ ዐረፈ፤ በነሐሴ 27 ቀን የመጀመሪያው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ተከተለው። በሁለቱ ሞት መካከል፣ በሐምሌ ወር፣ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ የሶለልም በዓል በጦርነት ውስጥ ዋለ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴም ቆቦ ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆነች። አምሃና ዓለማየሁ ሲሞቱ ሸክላቸው ቀርቷል፤ በሬዲዮ ይሰማል፣ በውጭ ሀገር ይሸጣል። በዚያው ክረምት በእኛ ሀገር ከሞቱት መካከል አቀንቃኝ የነበሩት ስንቶቹ ናቸው? ድምፃቸውስ የት አለ? ከቤቱ ነፍሱን ይዞ የሚሸሽ ሰው ልጁን ይሸከማል እንጂ ካሴት ተሸክሞ አይወጣም።

«ዛሬ እኮ ሁሉም ሰው ስልክ ይዟል፤ ሠርጉም ሶለሉም ይቀረጻል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው። የጎደለው ቀረጻ ሳይሆን ያቺ ክብ ወረቀት ናት። በስልክ የተቀረጸው ስም የለውም፣ ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፤ ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲለወጥ አብሮ ይጠፋል። ሸክላ ስሙ እንደሚነግረን ተሰባሪ ነገር ነው፤ ሆኖም ቅጂው ብዙ ስለነበረና ስም ስለተጻፈበት ከስልክ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ስለዚህ ለማኅበሩ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደ ቆቦና ወደ ራያ ቆላ የምንወርድ ተማሪዎች እያንዳንዳችን ቢያንስ ከአንድ አቀንቃኝ ዘንድ እንቅረብ። አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ፤ የማይፈቅድ ካለ እንተወው። ጨዋታውን በሦስት ደቂቃ ሳንቆርጥ እስከ መጨረሻው እንቅረጽ። ከዚያም በወረቀት ላይ የአቀንቃኙን ስም፣ መንደሩን፣ ቀኑን፣ ዘፈኑ ለሠርግ፣ ለሶለል፣ ለአውድማ ወይም ለለቅሶ መሆኑን፣ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደተዘፈነና ከማን እንደተማሩት እንጻፍ። ከእያንዳንዱ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ለባለቤቱ ለዘፋኙ፣ አንዱ በቆቦ ለሚገኝ ትምህርት ቤት፣ አንዱም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥ። የሙዚቃና የቋንቋ መምህራኖቻችን በአጻጻፉና በአቀማመጡ እንዲመሩን በትሕትና እንጠይቃለን። ለዚህ ሥራ ህንድም ቤይሩትም መላክ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና የአንድ ቀን ትዕግሥት ነው።

በ1969 አንድ ወጣት ሌላው እስኪጀምርለት አልጠበቀም። ልደቱን ለማክበር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ያደረገውን ባልደረሰበት ስፍራ ማድረግ ነው። በ2029 የሸክላው ስድሳኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ከቆቦ የተለቀመው ዘፈን ከነባለቤቶቹ ስም ተጽፎ ከጎኑ ቢቀመጥ፣ ያን ጊዜ በዓሉ የእኛም ይሆናል። በዚህ ሥራ አብረውን መውረድ የሚፈልጉ፣ ከየትኛውም አውራጃ ይምጡ፣ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ። ራያ እንግዳ ሲመጣበት ደስ ይለዋል፤ ዱላ የሚያውሰው አያጣም።