መርዶና መላ ምት

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



አንድ የመንገደኞች አይሮፕላን ከተቆጣጣሪዎች ዐይን ተሰውሮ ደብዛው ከጠፋ በኋላ እውነተኛው ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ዓመት ያልፋል። ሰው ግን ያን ያህል ጊዜ አፉን ይዞ መቀመጥ አይሆንለትም። በቢሮ፣ በሻይ ቤት፣ በአውቶቡስ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ላይ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያቀርባል። ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለ አይሮፕላን አወዳደቅ ሳይሆን በዚሁ በመጠባበቂያው ጊዜ ስለሚነገረው ነገር ነው። ጉዳዩን ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ማቅረባችንም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወሬ በጠፋ ጊዜ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በእናንተ ላይ ነውና።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 አይሮፕላን፣ የበረራ ቁጥሩ 409 የሆነው፣ 82 መንገደኞችንና 8 የበረራ ሠራተኞችን ይዞ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ተነሣ። ሌሊቱ ነጎድጓድና ዝናብ የበዛበት ነበር። አይሮፕላኑ ከተነሣ አምስት ደቂቃ ያህል ሲሆነው ከራዳር ጠፋ፤ በሜዲትራኒያን ባሕርም ወደቀ። ከ90ው ሰዎች አንድም አልተረፈም። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ሊባኖሳውያን ሲሆኑ፣ ከኢትዮጵያውያኑ መካከል በሰው አገር በቤት ሠራተኝነት ኖረው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩበት።

ገና ቀኑ ሳይመሽ መላ ምቱ ተጀመረ። በባሕሩ ዳር የነበሩ ሰዎች የእሳት ነበልባል ሲወድቅ አየን አሉ፤ ከዚህም ቃል ተነሥቶ አንዱ መብረቅ ነው፣ ሌላው ፈንጂ ነው፣ ሦስተኛው ተተኩሶበት ነው ይል ጀመር። የሊባኖስ ፕሬዚዳንት ሚሼል ሱሌይማን በዚያው ቀን የአጥፊ እጅ አለበት የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው እንደማይቀበሉት አስታወቁ። ወዲያውም የአገሪቱ ሚኒስትሮች አብራሪው ከመቆጣጠሪያ ማማ የተሰጠውን አቅጣጫ ሳይከተል እንደ ቀረ ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲነገር የአይሮፕላኑ መመዝገቢያ ሣጥን ገና ከባሕር ወለል ላይ ተኝቷል። እንግዲህ ያለ ጊዜው መናገር የሻይ ቤት ሰው ብቻ ጠባይ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሻይ ቤት የተነገረው ግን እዚያው ሻይ ቤት ሊቀር ይችላል፤ ሚኒስትር የተናገረው በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ይጻፋል። የአብራሪው ቤተሰብም ጋዜጣ ያነባል።

ጥቁር ሣጥን የሚባለው ነገር ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ በፍርስራሽ መካከል በቀላሉ እንዲታይ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ ነው። ሁለት ነው፤ አንደኛው ፍጥነቱን፣ ከፍታውን፣ አቅጣጫውንና የመሪዎቹን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው በአብራሪዎቹ ክፍል የሚሰማውን ድምፅ ይቀርጻል። ውኃ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ድምፅ እያሰማ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ አለው፤ በዚያን ዘመን ግን የዚህ መሣሪያ ባትሪ እንዲቆይ የሚጠበቀው ለ30 ቀን ያህል ነበር። ስለዚህ ፈላጊዎቹ ከባሕሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከባትሪውም ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር ማለት ነው። የበረራው መመዝገቢያ ጥር 30 ቀን ተገኘ፤ የድምፅ መቅረጫውም በተከታዩ ወር ወጥቶ ሁለቱም ወደ ፈረንሳይ ተልከው ተነበቡ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ክርክሩ ያበቃ ይመስላል። አላበቃም። የሊባኖስ መርማሪዎች የመጨረሻ ዘገባቸውን ጥር 8 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲያወጡ፣ የበረራ ሠራተኞቹ የአይሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ በሚገባ አልተቆጣጠሩም፣ እርስ በርሳቸውም ተረዳድተው አልሠሩም ሲሉ ደመደሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ዘገባውን አልተቀበለውም፤ አይሮፕላኑ በአየር ላይ በፍንዳታ ተበታትኗል፣ ምክንያቱም ተኩስ ወይም የተጠመደ ፈንጂ ወይም መብረቅ ሊሆን ይችላል ሲል ተከራከረ። ሁለቱም ቃላት ተጽፈው ይገኛሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በባሕር ጠላቂ፣ በመሐንዲስና በላቦራቶሪ የተደከመበት ጉዳይ እንዲህ አከራካሪ ሆኖ ሳለ፣ በመጀመሪያው ቀን ጧት በቡና ሰዓት «ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ የቈረጠው ሰው ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘው ያስገርማል።

ሣጥኑ ጨርሶ ያልተገኘ እንደ ሆነስ? የካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ከኩዋላ ሉምፑር ወደ ቤይጂንግ 239 ሰዎችን ይዞ የተነሣው የማሌዢያ አይሮፕላን ከራዳር ከተሰወረ በኋላ ለሰዓታት ይበር እንደ ነበረ የታወቀው፣ ከአንድ ሳተላይት ጋር በየሰዓቱ ገደማ በሚለዋወጠው አጭር ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ደግሞ የአይሮፕላኑን ርቀት እንጂ ትክክለኛ ቦታውን አይናገርም። በሐምሌ 2007 ከክንፎቹ የአንዱ ቁራጭ በሕንድ ውቅያኖስ በሬዩኒዮን ደሴት ዳር ተገኘ። የመርማሪዎቹ ዘገባ በሐምሌ 2010 ሲወጣ የመጥፋቱን ምክንያት መወሰን አልተቻለም አለ። በዚህ መካከል ስለ ዋናው አብራሪ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልተሠራ ፊልም የለም ማለት ይቻላል። መልስ የሌለው ጥያቄ ለገበያ የተመቸ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ደጋው ወደ ቈላው ከሚቈረስበት አገር ሰላ ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የተቀመጡባት፣ በኋላም አቡነ ማቴዎስ መኖሪያ ያደረጓት ታሪካዊት ስፍራ ናት። ከእናንተ መካከል የዚያ አገር ልጅ የሆነ ይኖራል፤ የሌላ አገር ልጅም ቢሆን የራሱን ሰላ ድንጋይ በልቡ ያውቀዋል። በዚያ አገር ሰው በሩቅ የሞተ እንደ ሆነ ወሬው እንዴት ይነገራል? መጀመሪያ የሰማው ሰው ሮጦ ለእናት አይናገርም። ወሬውን ይዞ ወደ ቅርብ ዘመድና ወደ አገር ሽማግሌ ይሄዳል። እውነት ነው ወይ? ማን አየ? ማን ቀበረ? ተብሎ ይጣራል። ከዚያ የንስሓ አባት ይጠራሉ፣ ጎረቤት ይነገረዋል፤ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ብርዱና ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ይሄድና በር ይመታል። እናትዮዋ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በደጅዋ ቆሞ ስታይ ገና ምንም ሳይነገራት ታውቃለች። ቢሆንም ቃሉ መነገር አለበት፤ የሚናገረውም አስቀድሞ የተመረጠ ሰው ነው።

ይህ መርዶ ነው። ማንም በአዋጅ አልደነገገውም፤ ነገር ግን ማጣራት፣ መናገር የሚገባውን ሰው መምረጥና ሰዓት መጠበቅ በውስጡ አሉ። አንዳንድ ሰዎች መርዶን መደበቅ ነው እያሉ ይነቅፉታል፤ እኔ ግን ከብዙ የዘመናችን የዜና አሠራር የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት ሆኖ ይታየኛል። አይሮፕላን ሲጠፋ የሚነገረው መላ ምት ግን ይህን ሥርዐት ከሥሩ ይንደዋል። አስከሬን ሳይገኝ፣ ስም ሳይጣራ፣ ልጂቱ የተሳፈረችበት ቀን እንኳ በትክክል ሳይታወቅ፣ ወሬው በልጅ እጅ ባለ ስልክ ከእናት ዘንድ ይደርሳል። ልቅሶ እንዳትቀመጥ አልተረጋገጠም፤ ተስፋ እንዳታደርግ ፈነዳ ተብሏል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት ሰላ ድንጋይ ያለ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ከዚያ አፋፍ የተንከባለለ ነገር የት እንደሚደርስ አይቷልና።

መርዶ የሚነገርበት ሰዓት መጠበቁን ያመሰገንነው፣ ዝምታ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። አቡነ ማቴዎስ ጳጳስ በነበሩበት ዘመን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለብዙ ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። አገሩ ግን አልተታለለም፤ በጆሮ ይንሾካሾክ ነበር እንጂ። ቤተ መንግሥት ያልነገረውን ጠላ ቤት ነገረው። በዚህ ዘመንም ቢሆን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ በኋላ ሕዝቡን አሉባልተኛ ብሎ መውቀስ አይገባውም። መርዶ አርጂዎቹ ሰዓት ይጠብቃሉ እንጂ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በር ሳይመቱ አይመለሱም።

ግምት ሁሉ ክፉ ነው ማለትም አይቻልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አይሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ወዲያው ያስታወሰው በዚያው ዓመት ጥቅምት 19 ቀን በኢንዶኔዢያ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ያለቁበትን የላየን ኤር አይሮፕላን ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ 8 ነበሩ፤ ሁለቱም ገና አዲስ ነበሩ፤ ሁለቱም የወደቁት ከተነሡ ብዙ ሳይቆዩ ነው። ይህን ማስተዋል አሉባልታ አልነበረም። ቻይና በማግሥቱ እነዚህን አይሮፕላኖች ከበረራ አገደች፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት እንኳ የሳተላይት ክትትሉ የሁለቱን በረራ መመሳሰል ካሳየ በኋላ በመጋቢት 4 ቀን አገደ። ይህ ሁሉ የሆነው የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባ መጋቢት 26 ቀን ከመውጣቱ በፊት ነው። ማንም ዘገባ እስኪወጣ እንጠብቅ ቢል ኖሮ ሦስተኛ አይሮፕላን ሊወድቅ ይችል ነበር።

በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ዓይነት ግምትም ተነገረ። ከባሕር ማዶ አንዳንድ ሰዎች የረዳት አብራሪውን የበረራ ሰዓት ማነስ እያነሡ፣ ነገሩ የአፍሪካ አብራሪዎች ችሎታ ማነስ ነው ለማለት ከጀሉ። የመጀመሪያው ዘገባ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዐት ደጋግመው እንደ ፈጸሙ፣ የአይሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋው መሣሪያም ከአንድ የተበላሸ ጠቋሚ በተላከ የተሳሳተ ምልክት እንደ ተነሣ አመለከተ። እርግጥ የመጨረሻው ዘገባ በታኅሣሥ 2015 ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹን አሠራር በበቂ አልመረመረም ብለው አስተያየት ሰጥተዋል፤ ይህንንም መደበቅ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም የሁለቱ ግምቶች ልዩነት ግልጽ ነው። አንደኛው አይሮፕላንን ከአይሮፕላን ጋር ያስተያየ ነው፤ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ጥቂት ቀን ያለ ሥራ የሚቆም ብረት ብቻ ነበር። ሁለተኛው መልስ መስጠት በማይችል ሙት ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ነገር ወደ አንተ ጠረጴዛ የሚመጣው እንዲህ ነው። አክስትህ ከሰላ ድንጋይ ይደውላሉ። «ልጄ፣ አንተ ከመንግሥት ቤት ነህና አንድ ነገር ትሰማለህ፤ እስቲ እውነቱን ንገረኝ» ይላሉ። ምናልባት የምትሠራው በገቢዎች ወይም በመዝገብ ቤት ነው፤ ስለ አይሮፕላን የምታውቀው አክስትህ ከሚያውቁት አይበልጥም። ይሁን እንጂ የምትናገረው ቃል ማኅተም ባይኖረውም እርሳቸው ማኅተም አድርገውበት ለጎረቤት ያስተላልፉታል፤ ማታውን «ከመንግሥት ቤት የተገኘ ነው» ተብሎ በከተማው ይዞራል። አላውቅም ብለህ ስልኩን ብትዘጋም ደግሞ፣ ያውቃል፣ ደብቆን ነው፣ ነገሩ ከባድ ቢሆን ነው ይባላል።

መንገዱ ከሁለቱ መካከል አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሥርዐት መርማሪው አገር የመጀመሪያ ዘገባውን በ30 ቀን ውስጥ እንዲያዘጋጅ፣ የመጨረሻውንም ቢቻል በ12 ወር እንዲያወጣ፣ ካልቻለ ደግሞ በየዓመቱ መታሰቢያ ቀን ምርመራው የደረሰበትን እንዲገልጽ ይጠይቃል። ይህን ለአክስትህ መንገር ቀላል ነው። አይሮፕላኑ ከራዳር የጠፋው በዚህ ሰዓት ነው፤ ይህን ያለው እገሌ የተባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ምክንያቱ ገና አልታወቀም፤ የሚቀጥለው ቃል የሚጠበቀው በዚህ ቀን ገደማ ነው። የልጂቱ ስም ከተሳፋሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ደግሞ ከአየር መንገዱ ራስህ ጠይቀህ አረጋግጥ፤ ካለም በስልክ አትንገራቸው፤ ለአጎትህ ወይም ለንስሓ አባታቸው ንገር፣ እነርሱ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።

ሌላም የሚጠቅም ነገር አለ። በቤይሩቱ አደጋ ከባሕር የወጣው አስከሬን ማንነት የተለየው ከቤተሰብ በተወሰደ ናሙና በተደረገ የዘር ምርመራ ነበር። ለዚህም የእናት፣ የአባት ወይም የልጅ ናሙና ከሁሉ ይሻላል። ናሙናው የት እንደሚሰጥ፣ ምን ዓይነት መታወቂያ እንደሚያስፈልግ፣ የልጂቱ የፓስፖርት ቅጂ በማን እጅ እንዳለ አስቀድመህ ጠይቅና ጻፈው። እናትዮዋ ከሰላ ድንጋይ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ለመግባት ማለዳ መነሣት አለባቸውና፣ አብሯቸው የሚመጣ ሰው መኖሩንም አረጋግጥ።