አበረታች ቅመምና ሯጮቻችን
(በመሸንቲ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሩጫ ነው። «ሩጫ ለገበሬ ምኑ ነው?» እንዳትሉን። ማልዶ ተነሥቶ በባሕር ዳር መንገድ የሚሮጠው ልጅ እኮ የናንተው ልጅ ነው። ጫማውን የገዛችሁለት በግ ሸጣችሁ ነው።

የከብት ገበያውን ታውቁታላችሁ። በሬው ከስቷል። ባለቤቱ ጨው ያልሰዋል፤ ውሃ ያጠጣዋል። ሆዱ ይነፋል፤ ለገዢው የሰባ ይመስለዋል። በማግስቱ በሬው ያው ከሲታ ነው። በሯጮችም ዘንድ እንዲህ ያለ ማታለል አለ። አበረታች ቅመም ይባላል፤ ፈረንጆቹ ዶፒንግ ይሉታል። የበሬው ውሃ ግን በሽንት ይወጣል። የሰው ቅመም ጉዳት ጥሎ ይሄዳል።

አንዱን ቅመም እንንገራችሁ። ስሙ ኢፒኦ ነው። ኩላሊታችን ራሱ ይሠራዋል፤ የአጥንትን መቅኔ «ቀይ ደም ጨምር» ብሎ ያዝዛል። ኩላሊቱ ታሞ ደም ላነሰው ሰው ሐኪም በመርፌ ይሰጠዋል፤ ለእሱ መዳኛ ነው። ጤነኛ ሯጭ ሲወጋው ግን ደሙ ይወፍራል። አየርን ለጡንቻ የሚያደርሰው ቀይ ደም ስለሆነ ለጊዜው ቶሎ አይደክመውም። ታዲያ ወፍራም ደም እንደ ወፍራም አጥሚት ነው፤ በቀጭን ሥር በቀላሉ አያልፍም። ይረጋል። በልብ ወይም በአንጎል ሥር ከረጋ ሰውየው ሊሞት ይችላል። የወንድ ሆርሞን የሚባለውም አለ፤ ሴት ልጅ ስትወስደው ድምፅዋ ይጎረንናል፣ ጢም ያበቅልባታል።

በመስከረም 1981 ዓ.ም. በሴኡል ኦሎምፒክ የካናዳው ቤን ጆንሰን 100 ሜትር በ9.79 ሴኮንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። በሦስተኛው ቀን ከሽንቱ ቅመም ተገኘና ወርቁን ተቀማ። እኛ በዚያ ውድድር አልነበርንም፤ «የፈረንጅ ጉድ» ብለን አለፍነው። በ2008 ዓ.ም. ግን የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር «ቁጥጥራቸው እጅግ ደካማ ነው» ብሎ አምስት አገሮችን ሲጠራ አንዷ ኢትዮጵያ ሆነች። ሌሎቹ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ ናቸው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈላት አገር! አፈርን።

ከዚያ ወዲህ አገራችን ሯጮችን የሚመረምር መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። መርማሪዎቹ ሳይነግሩ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ሽንቱ በሁለት ጠርሙስ ተከፍሎ ይታሸጋል፤ እስከ 10 ዓመት ተቀምጦ እንደገና ሊመረመር ይችላል። «አሠልጣኜ ሰጠኝ፤ አላወቅሁም» ማለት ብቻውን አያድንም። ቅጣቱ ብዙ ጊዜ 4 ዓመት ከውድድር መታገድ ነው። የሯጭ የጉልበት ዘመን ስንት ሆነና!

አንድ አባት «ልጄ ወባ ይዞት ኳርተም ውጧል፤ ይከሰሳል ወይ?» ብለው ጠየቁን። የለም፣ አባቴ፤ የወባ መድኃኒት አልተከለከለም፤ ይዋጥ፣ ይዳን። ለመወፈር ተብሎ የሚዋጠው ዴክሳሜታዞን ግን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። ልጁ ሳይታመም «ጉልበት ይሰጠዋል» ተብሎ በየቤቱ የሚሰካው ጉሉኮስም እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ሆስፒታል ተኝቶ ለሕክምና ከተሰጠው ግን ጥፋት የለበትም፤ የሐኪሙን ወረቀት አትጣሉ፣ አስቀምጡለት።