የጉዳት ካሳ ደመወዝ አይደለም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ ነፋስ ስልክ)



ዛሬ የምንናገረው በራሳችን ቤት የደረሰውን ነው። ሳሪስ አካባቢ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት እህታችን ቀኝ እጇን ማሽን ጎዳት። ካሳ ሲሰጣት ግብር ተቆርጦ ነበር። «የመንግሥት ነው፣ ምን ይደረጋል» ብላ ፈርማ ተቀበለች። እኛም እውነት መስሎን ዝም አልን።

በኋላ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠየቅን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለውን ገንዘብ ከግብር ነፃ አድርጎታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጥን ካሳ ነፃ ይለዋል። ካሳ ለጎደለው መተኪያ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም።

ልዩነቱን እንያዝ። ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ሕመም ፈቃድ ስንወጣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለናል። ይህ ደመወዝ ስለሆነ፣ በ2017 በተሻሻለው ሕግ መሠረት በወር ከ2,000 ብር ካለፈ ግብር አለበት። በሥራ ላይ ተጎድተን ስንተኛ ግን ለ3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት 50 በመቶ ይከፈለናል፤ ይህ ግብር የለበትም። ድነን ወደ ሥራ ስንመለስ የምናገኘው ደመወዝ ደግሞ እንደ ቀድሞው ግብር ይከፈልበታል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት ወረቀቱ ላይ «ካሳ» ተብሎ ይሁን «ደመወዝ» እናንብብ፤ ማንበብ የሚያስቸግረን ሰው እናስነብብ። የሐኪም ማስረጃውንና የክፍያ ወረቀቱን ኮፒ ቤታችን እናስቀምጥ።

አንድ የሚያሳፍረንን ነገርም አንደብቅ። እህታችን የማኅበራችን ብድር ነበረባት። ከመካከላችን «ካሳዋ ሲመጣ ከዚያ ይቀነስ» ያልን ነበርን። ያው አዋጅ ግን ይህ ገንዘብ በዕዳ እንዳይያዝና እንዳይቻቻል ይከለክላል። ስለ ግብሩ ስንቆጣ እኛም እጃችንን ልንሰድ ነበር! አሁን ብድሩን በረጅም ጊዜ፣ ከእንጀራ ሽያጯ ቀስ እያለች እንድትከፍል ተስማምተናል።

የተቆረጠባት ግብር እንዲመለስላት ማመልከቻ አስገብታለች፤ መልሱን አብረናት እንጠብቃለን። እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ብቻችሁን አትፈርሙ፤ መጀመሪያ ወደ ማኅበራችሁ ኑ።