ስለ ሕያው ሕዋስ ክፍሎችና ስለ ሥራቸው



ቤት ከድንጋይና ከጭቃ እንደሚሠራ ሁሉ፤ የሰውም የእንስሳም የዕፅዋትም አካል በዓይን ብቻ ከማይታዩ ደቃቅ ክፍሎች የተሠራ ነው። ይህም ደቃቅ ክፍል ሕዋስ ይባላል፤ በፈረንጅ ቋንቋ ሴል ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሮበርት ሁክ የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ ነው። እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1665 ዓመት ቀጭን የቡሽ ቁራጭ በማጉያ መነጽር ቢመለከት፤ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ሆኖ አገኘው። ነገር ግን ያየው ባዶውን ቤት ነበር፤ በውስጡ የነበረው ሕያው ነገር ደርቆ አልቆ ነበርና። ከዚያም በኋላ በ1838 ሽላይደን ዕፅዋት፤ በ1839 ሽቫን እንስሳት ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን አስታወቁ።

ሕያው ሕዋስ በሥርዓት የሚተዳደር ግቢ ይመስላል። ዙሪያውን የሚከበው ስስ ሽፋን አጥሩ ነው። በውስጡ የእንቁላል ነጩን የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። በዚህም ውስጥ አስኳል ይገኛል፤ ይኸውም ከአባትና ከእናት የተወረሰው ትእዛዝ የሚጠበቅበት መዝገብ ቤት ማለት ነው። ራይቦዞም የሚባሉት ጥቃቅን ሠራተኞች ከመዝገቡ የተገለበጠውን ትእዛዝ እየተከተሉ ሰውነትን የሚገነባውን ፕሮቲን ይሠራሉ። ማይቶኮንድሪያ የሚባሉት ደግሞ እንደ ምድጃ ናቸው፤ ከምግብ የተገኘውን ነገር ሰው ከሚተነፍሰው ኦክሲጅን ጋር አዋሕደው ኃይል ያወጣሉ። በቅጠል ሕዋስ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅ አረንጓዴ ክፍል ይጨመራል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የአጥሩን ነገር ማወቅ ለመንደር ሰው ብርቱ ጥቅም አለው። ሽፋኑ ብዙ በሮች አሉት፤ እያንዳንዱም በር የሚያሳልፈውን ለይቶ ያሳልፋል። በአንጀት ሕዋስ ላይ ካሉት በሮች አንዱ ጨውንና ስኳርን በአንድነት ያስገባል፤ እነርሱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ይህንንም በ1960 ሮበርት ክሬን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ገለጠው።

ኮሌራ ሰውን በያዘ ጊዜ መርዙ በአንጀት ሕዋስ ላይ ያለውን የጨው መውጫ በር ከፍቶ ያስቀረዋል። ጨው ሲፈስ ውሃም አብሮ ይፈሳል፤ በሽተኛውም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቆ ሊሞት ይችላል። ነገር ግን ጨውና ስኳር በአንድነት የሚገቡበትን በር መርዙ አይዘጋውም። የመዳኛው መንገድ ይህ ነው።

በ1971 ዓመት የዛሬዋን ባንግላዴሽ በጦርነት ምክንያት ለቀው በህንድ አገር በቦንጋኦን በተጠለሉት ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅ፤ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበትን ውሃ በሽተኞቹ በአፍ እንዲጠጡ አደረገ። ቀድሞ ከመቶው በሽተኛ 30 ያህል ይሞት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን የሟቹ ቍጥር ከመቶው ከ4 በታች ሆነ።

ስለዚህ ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን መጠጥ መከልከል ታላቅ ስሕተት ነው። ከጤና ኬላ በልክ የተዘጋጀው ዱቄት ቢገኝ እርሱ ይበልጣል። ባይገኝ፤ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይገባል፤ ማንኪያው አይከመር። ጨው ከልኩ ቢበዛ ሕፃኑን ይጎዳዋልና መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጥቂት በጥቂቱ ደጋግሞ ማጠጣት፤ የሚጠባም ቢሆን ጡት አለመከልከል፤ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

መምህር ይህን ልክ በሰሌዳ ጽፎ ያስተምር፤ ሽማግሌም በሸንጎና በሐዘን ቤት ይናገረው። አንዱ በር ቢበላሽ ሌላው ደኅና መሆኑን ያወቀ ወላጅ ልጁን ቁጭ ብሎ አይቀብርም።