ፒተር ዋትኪንስና ሃያ ዓመት የተከለከለው ፊልም



እንግሊዛዊውን የቴሌቪዥን ደራሲና አዘጋጅ ፒተር ዋትኪንስን ለችግር የዳረገው ሥራው ሐሰት መሆኑ ሳይሆን እጅግ እውነት መምሰሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ለቢ.ቢ.ሲ. ባዘጋጀው «ከሎደን»፣ በ1746 በስኮትላንድ የተደረገውን ውጊያ የዜና ካሜራ በስፍራው የነበረ አስመስሎ አቀረበው። ወታደሮቹ ከጦር ሜዳው ሆነው ለጠያቂው መልስ ይሰጣሉ፤ ተዋንያኑም ትወና ሙያቸው ያልሆነ ተራ ሰዎች ነበሩ። ሥራው ተመሰገነ።

በተከታዩ ዓመት ያንኑ ስልት ከትናንት ወደ ነገ አዞረው። «የጦርነት ጨዋታ» በተሰኘው ፊልሙ፣ በእንግሊዝ የኬንት አውራጃ የኑክሊየር ቦምብ ቢፈነዳ የሚሆነውን፣ ይኸውም የሚነደውን ቤት፣ ምግብ ፍለጋ የሚያምፀውን ሕዝብ፣ የማይድነውን ቁስለኛ በጥይት የሚገላግለውን ፖሊስ አሳየ። ይህ ሁሉ ከምናብ ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ በድሬስደንና በሂሮሺማ በደረሰው ላይ የተመሠረተ ነው።

ቢ.ቢ.ሲ. ፊልሙ ለቴሌቪዥን ከመጠን በላይ አሰቃቂ ነው ሲል ከለከለው። ይሁን እንጂ ውሳኔው ከመገለጡ በፊት ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናት ፊልሙን በዝግ አይተውት ስለ ነበር፣ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ዋትኪንስ ድርጅቱን ለቀቀ። በሲኒማ ቤት እንዲታይ የተፈቀደው ፊልም በ1967 የኦስካርን የዶኩሜንታሪ ሽልማት አገኘ፤ ገና ያልደረሰ ነገር በዶኩሜንታሪነት መሸለሙ ያስደንቃል! አዘጋጁ ከዚያ ወዲህ በአመዛኙ በውጭ አገር ሠራ፤ በ1974 የወጣውን «ኤድቫርድ ሙንክ»ንም ያዘጋጀው በኖርዌይ ነው። የእንግሊዝ ሕዝብ የተከለከለውን ፊልም በየቤቱ በቢ.ቢ.ሲ. የተመለከተው በሐምሌ 1985 ነበር።