አሮጌ ትራክተርና አዲስ ክንድ
(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር)



በየመሥሪያ ቤታችን ጓሮ፥ ከግንቡ ሥር፥ ሣር የበቀለበት አንድ ነገር አይጠፋም። በአንዱ ግቢ መኪና ነው፤ በሌላው የውሃ ፖምፓ ነው፤ በወረዳ ከተሞች ግን አሮጌ ትራክተር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በመዝገብ ላይ «ከአገልግሎት ውጪ» ተብሎ ተጽፎለታል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ዓይነቱ ትራክተር ነው፤ ይኸውም ተጠግኖ ከፊቱ የመጫኛ ክንድ፥ ባለ ሙያዎች ሎደር የሚሉት፥ ሊገጠምለት ሲታሰብ አስቀድሞ ምን መታየት እንደሚገባው ነው።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። መካኒኩ መፍቻ ይይዛል እንጂ ግዢውን የሚፈቅዱ፥ ወጪውን የሚያጸድቁ፥ በቃለ ጉባዔው ግርጌ የሚፈርሙ ሌሎች ናቸው። እኔም ወደ ራዲዮ ሥራ ከመምጣቴ በፊት ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበርሁ።

በዚያን ጊዜ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ ከመካነ ሰላም ብዙም በማይርቅ ስፍራ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ጸሐፊ ነበርሁ። በግቢያችን አንድ ማሴይ ፈርጉሰን 135 ቆሞ ነበር። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ናፍታ ተገዛ፤ ባትሪ ከሌላ መኪና ተውሰን ሞተሩ ሲነሣ ሁላችን አጨበጨብን። ሎደሩ ከሌላ ትራክተር ላይ የተፈታ ነበር። በያጅ ተጠርቶ በብሎንና በብየዳ ከፊት አያያዘው። ዕድሜው የገፋው ሾፌራችን ትራክተሩን አንድ ጊዜ ዞረውና «ልጄ፥ የፊተኛውን እግሩን ያየው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ጋሼ፥ ኮሚቴው አይቶታል» አልሁት። ኮሚቴው ያየው ግን አዲሱን ቀለም ነበር።

በአራተኛው ቀን እርጥብ አሸዋ በባኬቱ ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርድ የግራውን የፊት ጎማ የተሸከመው አጭር ብረት ተሰበረ፤ ትራክተሩም በጎኑ ተደፋ። ሾፌሩ ዘሎ ነፍሱን አተረፈ፤ እግሩ ግን ተሰብሮ ለወራት ተኛ። በምርመራው ወረቀት ላይ የአደጋው ምክንያት «የሾፌር ጥንቃቄ ጉድለት» ተባለ። ያን ወረቀት በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የገለበጥሁት እኔ ነበርሁ።

አገሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርስ ሰው ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ይጓዛል፤ በስተ ምዕራብም ደጋው ተቈርጦ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በመቅደላ አምባ ላይ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው ከባድ መድፍ እስከ ዛሬ አለ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጐተተ፥ ከፊቱ መንገድ እየተጠረገለት፥ መቅደላ ለመድረስ ወራት ፈጀበት። በዚያ አገር ሸክም ማንሣት ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። ዛሬም የእርከኑ ድንጋይ፥ የቤቱ አሸዋና የማሳው ፍግ በአመዛኙ በሰው ጀርባና በአህያ ይጓዛል።

ትራክተር ወደ አገራችን ሲገባ የታሰበለት ሥራ ማረስ ነበር፤ ስለዚህም ሜዳ ወዳለበት ሄደ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በተቋቋመው በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ዘመን በአርሲ ሜዳዎች ትራክተር ሲበዛ ባለ መሬቶቹ ራሳቸው ማሳረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጭሰኞችም ከያዙት መሬት ተነቀሉ። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በናዝሬት፥ በዛሬዪቱ አዳማ፥ የሶቪየትን ቤላሩስ ትራክተር የሚገጣጥም ፋብሪካ ተቋቋመ። የወሎ ቦረና ደጋ ግን ማሳው ጠባብ፥ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለ ሆነ የእርሻውን ሥራ በሬ እንደ ያዘው ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ ለእንዲህ ያለው አገር የትንሽ ትራክተር ዋጋ ከማረሻው ይልቅ በክንዱ ላይ ነው። አንድ ሰው ሙሉ ቀን በአካፋ የሚጭነውን አሸዋ ክንዱ በጥቂት ጊዜ ያነሣዋል። ስለዚህ ኮሚቴያችን ሎደር እንዲገጠም ማሰቡ ስሕተት አልነበረም። ስሕተቱ አገጣጠሙ ላይ ነው።

ደግሞም አሮጌነቱን ብቻ አይተን ትራክተሩን አንናቀው። የፈርጉሰን ትናንሽ ትራክተሮች በኮቨንትሪ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 እስከ 1956 ከ500 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ኤድመንድ ሂላሪና ጓደኞቹም በጥር ወር 1958 ከእነዚሁ ትራክተሮች በሦስቱ ላይ ሆነው ደቡብ ዋልታ ደርሰዋል። ዋልታው ከባሕር ወለል ወደ 2800 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ስሱነት ከመካነ ሰላም የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይደለም። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በመካነ ሰላም ላይ የናፍታው ሞተር ጥቁር ጢስ ቢያበዛና ዳገት ላይ ቢደክም ወዲያው ሞተሩ አልቋል ብላችሁ አትፍረዱበት። አስቀድሞ የአየሩ ፊልትሮ ይጽዳ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 135ቱ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ የለውም። ሞተሩ፥ የፍሪሲዮኑ ቤት፥ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ እርስ በርሳቸው በብሎን ተያይዘው ራሳቸው የጀርባ አጥንት ይሆኑታል። እነዚህ ደግሞ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ናቸው፤ ተጭነው ይችላሉ እንጂ ተጣምመው አይችሉም። ስለዚህ ሎደሩን ከሞተሩ ፊት ብቻ በብሎን ማሰር፥ ይልቁንም በብየዳ ማጣበቅ፥ የጀርባውን አጥንት መስበር ነው። ትክክለኛው አገጣጠም ሎደሩ የራሱ ጠንካራ የብረት ማቀፊያ ኖሮት፥ ማቀፊያው በሁለቱም ጎን አልፎ ከኋላው አክስል ቤት ጋር ሲታሰር ነው። እኛ ዘንድ ማቀፊያው ነበረ፤ ነገር ግን ከኋላ ስላልገጠመ «ይበቃል» ተብሎ ተቈረጠ።

ቀጥሎ ያለውን ሒሳብ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ብትከተሉኝ ደስ ይለኛል። በዚህ ትራክተር በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 1.8 ሜትር ነው። ባኬቱ ከፊት ጎማው 1.5 ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ 400 ኪሎ ቢሸከም የፊተኛው አክስል የሚጨመርበት 400 ኪሎ ብቻ አይደለም፤ እንደ ሚዛን ስለሚያጋድል 733 ኪሎ ይጨመርበታል። ከኋላው ደግሞ 333 ኪሎ ይቀነሳል። የሎደሩ የራሱ ክብደት ገና አልተቈጠረም። ይህ አክስል ሲሠራ የታሰበው ለማረሻ ነው፤ ማረሻ ደግሞ ከኋላ ስለሚጐተት ፊቱን ያቀለዋል እንጂ አይጭነውም። ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ቡሽው አልቆ፥ ኩሽኔታው ተበልቶ፥ ብረቱም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። የ135ቱ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ብቻ ነው። ከኋላው ክብደት የተቀነሰበት ትራክተር ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ቢረገጥም ጎማዎቹ መሬቱን አይቈነጥጡም፤ ይንሸራተታሉ። የእኛ ሾፌር ፍሬን ረግጦ ነበር። የያዘለት ነገር ግን አልነበረም።

መድኀኒቱ ከኋላ ሚዛን መስቀል ነው። ለዚህ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። 200 ሊትር የሚይዘው ተራ በርሜል በኮንክሪት ቢሞላ ወደ 480 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ስድስተኛው ሳይሞላ ቢቀር 400 ኪሎ ይሆናል። በውስጡ ጠንካራ ብረት ተቀብሮለት በትራክተሩ የኋላ ማንሻ ላይ፥ ከኋላው አክስል አንድ ሜትር ርቆ ቢሰቀል፥ ከፊት 222 ኪሎ ያቀልና ከኋላ 622 ኪሎ ይጨምራል። በፊተኛው ምሳሌያችን ላይ ይህን ብንደምር ፊት ላይ የሚጨመረው ከ733 ወደ 511 ይወርዳል፤ ኋላውም 333 በመቅለል ፈንታ 289 ኪሎ ይከብዳል። የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶና የአንድ አሮጌ በርሜል ዋጋ ይኸው ነው። የኋላውን ጎማ ውሃ መሙላትም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ጉጉፍቱን በሌሊት ያለፈ ሰው ግን ውሃው እንዳይረጋ ያስብበት።

ባኬቱ ምን እንደሚሸከም መለየትም ያሻል። ሩብ ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት በገብስ ቢሞላ ወደ 150 ኪሎ ነው፤ ያው ባኬት በእርጥብ አሸዋ ቢሞላ 500 ኪሎ ይጠጋል። ለዓይን ሁለቱም «አንድ ባኬት» ናቸው። እኛም በማዘዣው ላይ የጻፍነው «በቀን 60 ባኬት» ብለን ነበር።

ስለ ዘይቱ ጥቂት ልበል። በዚህ ትራክተር ማንሻውን የሚያሠራው ፖምፓ በካምቢዮው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ የካምቢዮ ዘይት ይጠጣል። የሎደሩ ፒስተኖች ይህን ዘይት ሲወስዱ የካምቢዮው ልክ ይጐድላልና ክንዱ ከተነሣም፥ ከወረደም በኋላ ልኩ ይታይ። ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ ሳይለወጥ አይሠራበት። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥም ፖምፓው ይቆማል፤ አዲስ ሾፌር «ክንዱ ተበላሸ» ብሎ እንዳይደነግጥ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ከሞተሩ ፊት የራሱን ፖምፓና የዘይት ጋን መግጠም የተሻለ ነው፤ ወጪው ግን ከፍ ይላል። የጎማ ቱቦ ማፍሰሱን ለማየት ማንም ሰው በእጁ አይዳብሰው፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ካርቶን ቢያሳልፉበት ይበቃል። በተነሣ ክንድ ሥርም፥ ክንዱ በብረት ድጋፍ ካልተያዘ፥ ሰው አይግባ።

የፊተኛውን እግር ለማየት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ፊቱን በክሪክ አንሥቶ፥ ሥሩን በግንድ አስደግፎ፥ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው ወይም ቡሹ አልቋል። ከዚያ ጎማው ተፈትቶ አጭሩ ብረት በናፍታ ይታጠብ፥ ይድረቅ፥ በብርሃን ይታይ። አክስሉ የሚወዛወዝበት የመካከሉ ፒን ይመርመር። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሎደሩ ከተገጠመ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ በየዕለቱ ግራሶ ይቀቡ፤ ብሎኖቹም ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ እንደገና ይጥበቁ፤ አዲስ የተገጠመ ብረት ይላላልና።

ስለ ተዳፋቱ ደግሞ፥ ባኬቱ በጉዞ ጊዜ ከመሬት ብዙ አይነሣ። ጭነቱ ከፊት ሲሆን ዳገቱን ወደ ፊት ይወጡታል፤ ቁልቁለቱን ግን በኋላ ማርሽ ይወርዱታል፤ ከባዱ ወገን ዘወትር ወደ ዳገቱ ይሁን። በመጨረሻም ከመቀመጫው በላይ የሚቆም የብረት መከታና ቀበቶ ያስፈልጋል። ስዊድን አገር በአዳዲስ ትራክተሮች ሁሉ ላይ ይህ መከታ እንዲኖር ያዘዘችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ካልተጨመረ አይገኝም፤ የእኛውም አልነበረውም። መከታው ቢኖር ኖሮ ሾፌሩ መዝለል ባላስፈለገው ነበር።

ባለፈው ጊዜ ለሥራ ወደዚያ አገር ስሄድ እቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ምርኩዝ ይዞ ይሄዳል። ቡና ተፈልቶ ከተቀመጥን በኋላ «ልጄ፥ ያን ጊዜ በእኔ ላይ ምን ተብሎ ነበር የተጻፈው?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ያነበበለት ሰው አልነበረም። ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና «ፍሬኑን ጻፋችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። አልጻፍነውም ነበር።

እንደ ተመለስሁ ከላይ ያልኋችሁን ሒሳብ ዘርዝሬ፥ የአደጋው ምክንያት እንዲታረም ለዚያ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍሁ። መልስ ገና አልደረሰኝም። ደብዳቤው ግን ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ወጥቷል፤ አንዱን ቅጂ ለሾፌሩ ልኬለታለሁ።